ወኪሉ ሽማግሌ የላከበት ክረምት

ዙሪክ ውስጥ ኦርሊኮን ሰፈር ያለው የስፖርት አዳራሽ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፓርኬቱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ወለል ማጽዳት እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው፤ ውሃው ይደፋል፣ በመጥረጊያ ይገፋል፣ ከዚያ በር ላይ ቆሞ የሚረግጠውን ሰው መቆጣት ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ሄር ብሩነር ከደረጃው ላይ አይቶኝ እየሮጠ መጣ። በሥራ ዘመኑ የሮጠው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ጀርመንኛዬ ገና ከሰላምታ ስላላለፈ የሚለውን ትቼ ፊቱን ነበር የማየው። እንጨት መሆኑንና እንደሚያብጥ ከፊቱ ገባኝ። ሁለታችንም ተንበርክከን በፎጣ አደረቅነው።

"ፍራው ወይንሸት፣ ነገም ይመጣሉ?" አለኝ እያለከለከ።

"መምጣትስ እመጣለሁ" አልኩት በአማርኛ። በምን እንደገባው እንጃ፣ ቁልፉን ሰጠኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ፈሪም ነኝ። ትራም ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲገባ ትኬቴን በእጄ ጨብጬ እንኳ ልቤ ይመታል። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ መጥረጊያውን ለያዛችሁ እህቶች ነው፤ ካነበባችሁት ይበቃኛል፣ ፊደሌን አትልቀሙብኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ፓርኬቱ በሰፊው የአቧራ መጥረጊያ በደረቁ ይገፋል፤ ከአንዱ ቅርጫት እስከ ሌላው፣ መሀል ላይ ሳያነሱ። ተጫዋች ከወደቀች ላቧን ቶሎ በፎጣ ማንሳት ነው፣ አለዚያ ቀጥላ የምትመጣዋ እግሯን ትሰብራለች። ማሊያ ተገልብጦ ይታጠባል፣ ቁጥሩ እንዳይላጥ። ማለስለሻ የሚባል ነገር እንዳትጨምሩበት፣ ላብ መምጠጡን ይተዋል። ማዕረጉንም እወቁ። ተጫዋቾቹን አሠልጣኙ ያዛል። አሠልጣኙን ቁልፍ ያዡ ብሩነር ያዛል። የልብስ ማጠቢያው ማሽን የተበላሸ ዕለት ግን ሁሉንም የማዘው እኔ ነኝ።

ልጄ ሊያ ያደገችው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። የማስቀምጥባት ስላልነበረኝ እኔ ስገፋ እሷ የቅርጫት ኳስ ታነጥራለች። ብሩነር "ሥራ ቦታ ልጅ አይፈቀድም" ይልና ኳሱን ራሱ ይነፋላታል። ቁመቷ ከኔም ከአባቷም አልፎ ሄደ። በኋላ አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ እየተጫወተች በነጻ እንድትማር ወሰዳት።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስትመጣ ሁለት ነገር ይዛ መጣች። አንደኛው የወደቀችበት የሂሳብ ትምህርት ነው፤ በኢንተርኔት ደግማ ልትፈተነው። ሁለተኛው ደሞዝ የሚከፍል የጄኔቭ ክለብ መጥታ እንድትሞክር የጠራት ጥሪ ነው።

"እማ፣ ስሚኝ" አለችኝ። "ከነሱ ጋር ትሬኒንግ ማድረግ እችላለሁ፣ ኦኬ? ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ። ግን ውል ከፈረምኩ ፈርቲግ፣ አለቀ በቃ። ወኪል ከያዝኩ ፈርቲግ። ስጦታ ከወሰድኩ ፈርቲግ። ኮሌጅ መጫወት የለም፣ ነጻ ትምህርትም የለም።"

"በአፍ እሺ ማለትስ?"

"በአፍም አይቻልም። አንቺም ለኔ ብለሽ እሺ እንዳትዪ።"

"ሂሳቡስ?"

"ሂሳቡን ካላለፍኩም ፈርቲግ።"

"ታዲያ ይቅርብሽና ቁጭ ብለሽ አጥኚያ!" አልኳት።

"እማ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። ፕሮፌሽናል እሆናለሁ ወይስ አልሆንም? ዝም ብዬ መገመት ሰለቸኝ።"

ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ጄኔቭ ሄድኩ። ሰርቬት የሚባል ሰፈር ዘመድ ቤት አረፍን። ልምምዱ ዝግ ነው፣ ቤተሰብ አይገባም አሉን። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስቁለጨለጭ የጽዳት ዕቃ ያለበት ክፍል በሩ ክፍት ሆኖ አየሁ። የጽዳት ክፍል የትም አገር አንድ ነው። ሰፊውን መጥረጊያ አነሳሁና ገባሁ። መጥረጊያ የያዘችን ሴት ማን ይጠይቃል? አሠልጣኛቸው እንዲያውም "መርሲ፣ ማዳም" ብላኛለች።

ሊያ ኳሱን ቅርጫቱ ውስጥ ልታስገባ እየሮጠች እያለ አየችኝ። ኳሷ ከቅርጫቱ ብረት ጋር ተላትማ ጣሪያ ልትነካ ምንም አልቀራት። በዓይኗ "ውጪ!" አለችኝ፤ እኔ ደግሞ የተጠረገ ጥግ መጥረጌን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ግን እልህ ያዛት መሰለኝ አንድም አልሳተችም።

ሲያበቃ ሙስዮ ፓስካል የሚባል ሰው ቀረበን። ተጫዋች ከክለብ የሚያገናኝ ወኪል ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ፈገግታውም እንደዚያው። እራት ልጋብዛችሁ አለ። ሊያ፣ እራትም ስጦታ ነው ብላ፣ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

እምቢ ማለት ደግሞ አልተቻለኝም። ዛሬ በሩን ብንዘጋበት፣ ኮሌጅ ስትጨርስ ማን ይከፍትላታል? "የለም፣ እኛ ነን የምንጋብዝዎት" አልኩትና ሰርቬት ወስጄ ከዙሪክ በእቃ ቋጥሬ ያመጣሁትን ቋንጣ ፍርፍር አቀረብኩለት። የሱም ጀርመንኛ የኔም ጀርመንኛ አንካሳ ስለሆነ ጥሩ ተግባባን። "ማዳም፣ ስለ ውሉ..." ሲል አንድ ጉርሻ። ውሃ ጠጥቶ "ልጅዎ ትልቅ..." ሲል ሁለተኛ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ አስረድቼው ነበር፣ ሁለት ደግሞ አይበቃም አልኩት። ሦስተኛውን ሲውጥ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ውሉን ረስቶ ስለ በርበሬው ጠየቀኝ። ሊያ ሳቋን ለመደበቅ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር ትፈልግ ነበር።

ፓስካል የዋዛ ሰው አይደለም። ሁለት ጊዜ ዙሪክ ድረስ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ለልጅ ጠያቂ የሚሰጠውን መልስ ሰጠሁት፦ "ዘመድ ልጠይቅ፣ ሌላ ቀን ይመለሱ።" እምቢ አላልኩም፣ እሺም አላልኩም። ሊያ ጓዳ ውስጥ ሂሳቧን ትሠራለች።

"እማ፣ እሱ ሊያገባኝ አይደለም እኮ" አለችኝ።

"ይሄ ይብሳል፣ ይሄ ውል አለው።"

ሰውየው ግን ላንግሽትራሰ የሚባለው መንገድ ላይ ያለ የአበሻ ሱቅ ገብቶ "ይቺ ሴትዮ ለምንድን ነው የማትመልስልኝ?" ብሎ ጠየቀ። እዚያ ያለ አንድ ተንኮለኛ፣ ሽማግሌ ሳትልክ እንዴት ትመልስልህ ብሎ ሥርዓቱን ሁሉ አስጠናው።

እሁድ ከጸሎት በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰው ተደርድሮ ቆሟል። ከፊት የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ ጥላሁን። ቀጥሎ ፓስካል ቦርሳውን ታቅፎ። ከኋላ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሄር ብሩነር!

"እርስዎ ደግሞ ምን ሊሠሩ መጡ?" አልኩት።

"ሦስት መሆን አለብን አለኝ" አለ ብሩነር ፓስካልን እያሳየ። "ምግብም አለ ብሎኛል።"

ፓስካልን በጉርሻ አፉን መያዝ ይቻላል። ጋሽ ጥላሁን ግን የመኖሪያ ወረቀቴ ሲዘገይ አብሮኝ ቢሮ ለቢሮ የዞረ ሰው ነው፤ እሱ ቆሞ ከለመነኝ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። እሺ ካልኩ ደግሞ ልጄ ኮሌጇን አጣች።

"ተቀመጡ" አልኳቸው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ጋሽ ጥላሁን፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ። "ወይኒ፣ ይሄ ሰው ልጅሽን ለክለብ ይፈልጋል። አጠያየቁ ጨዋ ነው። ደጅሽ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ሰው እንዲህ አይጉላላም፣ እህቴ።"

ፓስካል ቦርሳውን ከፈተ። ብሩነር ወደ ወጥ ቤቱ ያሸታል።

"ጋሼ፣" አልኩ። "ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዴት..."

"ትምህርት እዚህም አለ ይላል።"

እሺ ልል አፌን ስከፍት የጓዳው በር ተከፈተና ሊያ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ወጣች። ጎንበስ ብላ ጋሽ ጥላሁንን ሳመች። ከዚያ ወደ ፓስካል ዞራ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። ፓስካል ጫማውን አየ።

"ምን አለችው?" አለ ጋሽ ጥላሁን።

"እጫወታለሁ ወይስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ? ነው ያልኩት፣ ጋሼ።"

ፓስካል ጉሮሮውን ጠረገና ረጋ ብሎ መለሰላት። ሊያ ፊቷ ቀላ፤ ትልቅ ትንፋሽ ወሰደችና እሷው ተረጎመችልን። "እውነቱን ልንገርሽ ይላል። የመጀመሪያውን ዓመት እቀመጣለሁ። ሁለተኛውንም ምናልባት። ግራ እጄ ደካማ ነው። ግን ቁመቴን ይፈልጉታል፣ ሌላ ክለብ ሳይወስደኝ ከአሁኑ ሊይዙኝ ነው።"

ጋሽ ጥላሁን ማንም ተቀመጥ ሳይለው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፓስካልን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

"አንተ ሰው፣ ለመቀመጥ ነው እንዴ ሽማግሌ አድርገህ የላክኸኝ?" አለው በጀርመንኛ። "ለመቀመጥማ ኮሌጇም ወንበር አለ፤ እዚያ እየተማረች ትቀመጥ!"

ብሩነር ሳቁ አመለጠው። ፓስካልም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳቀ። ቦርሳውን ዘጋ። "ማዳም፣ ስትጨርስ ግን ይመልሱልኛል?" አለኝ።

"ያኔ እሷን ነው የሚጠይቁት" አልኩት። ምግብ አቀረብኩ። ብሩነር ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሊያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ቁመቴን ነው የፈለጉት አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና "ቢያንስ አወቅሁት" አለች። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ብሩነር አዳራሹን ይከፍትላታል፣ በግራ እጇ ብቻ ታነጥራለች፣ ከሰዓት ሂሳቧን ትሠራለች። ሂሳቡን በጭንቅ አለፈች። ወደ ኮሌጇ ተመለሰች፤ አሁንም እየተማረች ትጫወታለች።

እህቶቼ፣ አዳራሽ የሚያጸዳ ሰው ልጁ ተጫዋች ብትሆን የሚመጣበት ሰው አይጠፋም። አብሉት። ቸኩላችሁ አትመልሱለት። ልጅቷም ቁጭ ብላ ትጠይቀው፤ የምትጫወተው እሷ ናትና።