ዋልካ የዋጠው አውሮፕላን

ወረታ ከተማ አጠገብ ለቦይ ቁፋሮ የተመደብኩ ዕለት ኤክስካቫተሬን እርጥብ ዋልካ ላይ አቁሜ ምሳ ልበላ ሄድኩ። ስመለስ የሚሄድበት ሰንሰለት ሰምጦ አይታይም፤ ጋቢናው ብቻ አንገቱን አውጥቶ ይጠብቀኛል። ድንጋያማ አገር ሠርቼ የመጣሁ ሊቅ ስለነበርኩ ከሥሩ ግንድ ማንጠፍ አላስፈለገኝም!

ላድነው ብዬ ስገባ እኔም እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። የማሳው ባለቤት አያ ታከለ በመጫኛ ጎትተው አወጡኝ።

«አይክፋህ፤ ይኸ መሬት አውሮፕላንም ውጧል» አሉኝ።

ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምራቸውን ነው። በወጣትነታቸው በነበረው ጦርነት ጊዜ፣ ሜዳው ላይ ጎርፍ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ የጦር አውሮፕላን እየጨሰ ከደመና ወጥቶ ረግረጉ ውስጥ ሲገባ አይተዋል። በታንኳ ቢቀዝፉም ደንገሉ አላሳልፍ አላቸው። ውኃው ሲሸሽ ቦታው ለጥ ያለ ጭቃ ሆነ፤ የመንግሥት ሰዎችም ፈልገው አጡት። አያ ታከለ ግን «ሳልደርስለት ሞተ» እያሉ በየዓመቱ ለፓይለቱ ጧፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ። ቄሱ «ስመ ክርስትናው ማን ልበል?» ሲሏቸው፣ «እግዜር ያውቀዋል፤ እርስዎ ብቻ ይጸልዩ» ይላሉ።

ጡረታዬ ሲቃረብ እዚያው ማሳ ላይ ስቆፍር የማሽኑ መቆፈሪያ ባኬት ብረት ነካ። ክንፍ ነበር። ፖሊስ ከበበው፤ ከአየር ኃይል የመጣ ባለሙያ ፈንጂ አለመኖሩን አረጋገጠ። ኃላፊዬ ከከተማ ደወለ።

«ክረምት ደርሷል። ቦዩን አዙረህ ቀጥል።»

«ማሽኑ ሰጥሞብኛል፣ ጌታዬ» አልኩት። ሳያጣራ አመነኝ፤ ስሜን ያውቃላ!

ጎርፉ ከመጣ ሌላ ዕድል አልነበረንም። ማሽኑ አጥንቱን እንዳይሰባብር ባለሙያው፣ አያ ታከለና እኔ በአካፋ ገባንበት።

«እርስዎ ይረፉ» ብላቸው፣ «አንተ እረፍ፤ ትንፋሽህ እንደ ወፍጮ ይጮሃል» አሉኝ።

ዝናቡ ወረደ፤ ውኃውን በባልዲ እየቀዳን ቀጠልን። የአብራሪው ክፍል ሲገለጥ አያ ታከለ አጥንቱን ሊቀበሉ ኩታቸውን ዘረጉ። ባለሙያው ጭቃውን ጠርጎ ወደ ውስጥ አየ።

«ወንበሩ የለም» አለ።

«ማን ሰረቀው?» አሉ አያ ታከለ።

«አባቴ፣ በአደጋ ጊዜ ፓይለቱን ይዞት የሚወጣው ወንበሩ ነው። በጃንጥላ ወርዷል ማለት ነው። እርስዎ ሲያዩት አውሮፕላኑ ባዶውን ነበር።»

አያ ታከለ ኩታቸውን አራግፈው ለበሱና ወደ ጉድጓዱ ጮኹ፦ «አንተ ቀጣፊ! ይህን ሁሉ ዓመት ታስለቅሰኛለህ? ከእንግዲህ ጧፉ ለጤናህ ይሁን!»

ፓይለቱ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አላውቅም። ለወጣት ኦፕሬተሮች የምለው ይህን ነው፦ ዋልካ ላይ ከማቆማችሁ በፊት ግንድ አንጥፉ፤ ቆፍራችሁ ሳታዩም ሰው ሞተ አትበሉ።

የአያ ታከለን የአካፋ እጀታ የዚያን ዕለት ሰብሬባቸዋለሁ። ወይራ ቆርጬ አመጣለሁ ብያቸው ነበር፤ እስከ ዛሬ አላደረስኩም።