የወጌሻዋ ወገብ

አማቴ የቆቦ ወጌሻ ነበረች። እኔን ወደ ሥራው ያስገባችኝ ዕለት አንድ የግመል ነጋዴ የእጁ አንጓ ወልቆ ግቢያችን ተቀምጧል። ቅቤውን አቅልጬ አቀረብኩና እጇን ለማየት ጎንበስ ስል፣ «እጄን ምን ታያለሽ? ፊቱን እይ እንጂ» አለችኝ። ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ከዚያ ድንገት ፊቱ ፈታ አለ። አንጓው ገብቷል። የዚያን ቀን ሥራዬ ፊት ማየት ብቻ ነበር።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እኔ እያወራሁ ልጄ ናት የጻፈችው። ለወለምታ የሞቀ ቅቤ፣ ለስብራት የቀርከሃ ማሰሪያ፣ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከአማቴ ነው። ወገብ ግን የራሱ ሕግ አለው። ታማሚው ፊቱን በነጠላ ይሸፍናል። ወጌሻዋ በማሽላ አገዳ ስንጥር የእግሩን ጣቶች ትነካለች፤ በተነካ ቁጥር «እህ» ይላል። ከዚያ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል። «እህ» ያላለ ወይም ጣቱን ማንሳት ያቃተው አይታሽም። «እሱ የሐኪም ነው» ትል ነበር አማቴ።

አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም። ገበያ ሲውል ሮቢት እወርዳለሁ፣ ሲያሻኝ ዋጃ እሻገራለሁ። አንዴ የሚኒባሱ ረዳት አንገቱ ተጣሞ አየሁትና እዚያው ወንበር ላይ ይዤ ማሸት ጀመርኩ። ሾፌሩ «እማማ፣ ሒሳብ ይሰብስብ እንጂ» ቢለኝ፣ «መጀመሪያ ወደ ተሳፋሪው መዞር ይቻለው» አልኩት።

አምና እጄን ልታጠብ ጎንበስ ስል ከወገቤ የተነሳ ሕመም እስከ እግሬ ድረስ ወረደ። ሰነበተና ግራ እግሬ ይጎተት ጀመር። አንድ ቀን ገበያ መሀል ስሄድ ሽንኩርት ሻጯ ሸበጥ ይዛ ተከተለችኝ። «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም?» ግራ እግሬ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። «ማሰሪያው አርጅቶ ነው» አልኳት።

ልጄ ደሴ ወሰደችኝ። ሐኪሙ የወገቤን ፎቶ አይቶ በአከርካሪዬ አጥንቶች መሀል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል አለኝ። «ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። የእርስዎ ግን እግርዎ እየደከመ ስለሆነ ቢሠራ እመርጣለሁ።»

«ብተወውስ?»

«እግሩ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ይችላል።»

«ቢሠራስ እንደ ድሮው ይሆናል?»

«ሕመሙ ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ። ለድካሙ ግን ቃል አልገባም። ያስቡበት፤ ብዙ ግን አይቆዩ።»

ቆቦ ስመለስ ጎረቤቴ አያ ይማም፣ «ወጌሻዋ ቢላ ሥር ከተኛች እኛን ማን ሊያሸን ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ብሠራ አልጋ ላይ መቅረትን ፈራሁ፤ ብተወውም እግሬ ነው የሚቀረው። እግር ከሌለኝ ደግሞ እኔ ምንድን ነኝ?

በእኛ ሥራ ወጌሻ ራሷን አታሽም፤ እሷ ያስተማረቻት ተማሪዋ ናት የምታሻት። አስተማሪዋን አላሽም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ዋጃ ያለችውን ተማሪዬን ዘይነባን አስጠራኋት።

«ቅቤው ሞቋል፤ ወገቤን ብቻ አሸት አድርጊኝ» አልኳት።

«መጀመሪያ ነጠላውን ፊትዎ ላይ ያድርጉ፣ እማ።»

«ኧረ ተይ፣ ለኔም?»

«ለእርስዎም።»

ሸፈንኩ። ጠበቅሁ። ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ ፍየል ጮኸች።

«አትጀምሪም እንዴ?» አልኳት።

«የግራውን ጨረስኩ እኮ፣ እማ።»

ነጠላውን ገለጥኩት። ስንጥሩ እጇ ላይ ነው። አውራ ጣቶችዎን ያንሱ አለችኝ። ቀኙ ተነሳ፤ ግራው እንደተኛ ቀረ። ዘይነባ የቅቤውን ክዳን ገጠመችው።

«አልነካዎትም» አለች።

«ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት።»

ተቆጥቼ ፊቴን አዞርኩ። ኋላ ግን የአማቴ ነገር ትዝ አለኝና ዞሬ ፊቷን አየሁት። ልጅቱ ፈርታልኛለች።

«ደሴ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ባልሽስ?»

«እሱ ገንፎውን ራሱ ያገንፋ።»

ሄድን። ተሠራሁ። የሚያቃጥለኝ ሕመም ለቀቀኝ፣ አልሃምዱሊላህ። አውራ ጣቴ ትንሽ ትነሳለች፣ እንደ ድሮዋ ግን አይደለችም፤ ሸበጤን በጨርቅ አስሬ ነው የምሄደው። ሮቢት ድረስ ደርሻለሁ። ጎንበስ የሚያሰኘውን ሥራ ዘይነባ ትሠራለች፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የታማሚውን ፊት አያለሁ። በቀደም አያ ይማም ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ገባ። ሳልናገር ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አደረግሁበት።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይሄን ነው። የእግር ጣቱ የማይሰማውን ሰው ወገቡን አትንኩ፤ ሐኪም ቤት ላኩት። ያስተማረቻችሁ ወጌሻ ብትሆንም።