«ደህና» ማለት ሩቅ ወርውር ነበር

የታጨደ ሣር ሽታ በመኪናዬ መስኮት ሲገባ፣ አባባ የሚሠራበትን የዳውንታውን ፓርኪንግ ዩኒፎርም እንደለበሰ፣ እግሮቹ አብጠው፣ ከሜዳው ዳር ቆሞ ይታየኛል።

ነሐሴ ላይ ልምምድ ሲጀመር፣ ወንድሜ ከማል በትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር። አሰልጣኙ፣ ኮቹ፣ ትእዛዙን ተጋጣሚ እንዳያውቅበት ሲናገር አፉን በወረቀት ይሸፍን፣ ምልክት ሰጪ ብሎ ሦስት ሰዎች አቁሞም ሁለቱን ለማደናገሪያ ብቻ እጃቸውን ያስወዛውዛቸው ነበር። ተጋጣሚዎቹ ግን አሁንም አሁንም ይደርሱበት ነበርና፣ ሲቸግረው አባባን ትእዛዙን ከሜዳው ዳር በአማርኛ እንዲጠራለት ለመነው። አባባ ከሥራ ዝሎ እየመጣም እሺ አለ። ከማል ደግሞ ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ ስላልነበረው ሰላምታውን ምልክት አደረጉት፤ «ሰላም» ሲባል ኳሱን ይዘህ ሩጥ፣ «ደህና» ሲባል ሩቅ ወርውር።

መስከረምና ጥቅምት ማንም ሳይደርስባቸው አለፉ። ወደ ቤት ስንመለስ ሁለቱ ከፊት ተቀምጠው በእነዚያው ቃላት ይቀላለዱ፣ እኔም ከኋላ ሆኜ እቀና ነበር።

ኅዳር ላይ ከጋርዴና ትምህርት ቤት ልጆች ጋር የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ፤ ከማልን ሊያይ ከኮሌጅ ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጥቶ ነበር። እየመራን ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ኮቹ ሰዓት ለመግፋት ሩጫውን አዘዘ። አባባ «ሰላም» ሊል አፉን ሲከፍት፣ የወሎ አገሩ ሰው አዛውንቱ ጋሼ ሰይድ ከኋላ መጥተው ጤንነቱን ጠየቁት። አባባ ትልቅ ሰው ጠይቆት ዝም አይልም። ዞሮ ጎንበስ አለና፣ ጆሯቸው ስለማይሰማ ጮክ ብሎ፣ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ! እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለ።

ከማል ሰምቶ ሩቅ ወረወረ። ኳሱን የጋርዴና ልጅ ይዞ ሮጠ፤ ተሸነፍን፣ የኮሌጁም ሰው ሳያናግረው ሄደ።

ሰፈራችን ፒኮ ሮበርትሰን ስንደርስ ከማል፣ «ኖ ሞር፣ ዳድ። ፕሊስ» አለ።

«ኦኬ» አለው አባባ። ፓርክ አድርጎም ብዙ ቆየ እንጂ አልወረደም። እንደዚያ ቀን አሳዝኖኝ አያውቅም።

ዛሬ ከማል ሌላ ስቴት ይኖራል፣ እሁድ እሁድ ይደውላል፣ አማርኛውም ያው ነው። «እንዴት ነህ?» ሲለው፣ አባባ ያበጡ እግሮቹን ትራስ ላይ እንደሰቀለ፣ ስለ ሕመሙ እንዳልናገር እኔን በእጁ ዝም በይ እያለ፣ «ደህና» ይለዋል። ያኔ የቃሏን ትርጉም ከአባባና ከኮቹ ሌላ የሚያውቅ ከማል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከቤታችን የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።