ወደ ግራ አሥር እርምጃ

ወረታ ለመሬት ልኬት ሥራ ተመድቤ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ኖሬም ወዳጅ አላፈራሁም። ጥፋቱ የከተማው አይደለም። ሰው ቤቱ ሲጠራኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ፣ ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ማንም አይፈልገኝም ብዬ አኮርፋለሁ። እሑድ ሲሆን ደግሞ ብቸኝነቱ ይብስብኛል። ከቤት መውጫ ሰበብ እንዲሆነኝ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ።

ፎገራ ሜዳ ነው፤ ደን የሚባል ነገር ያለው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ብቻ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ደብር አለ፤ ክረምት ሲገባ ውኃው የሩዙን ማሳ አልፎ እስከ ዛፎቹ ሥር ይተኛል። ጠዋት ፀሐይ በቅጠሉ መሐል ሾልካ ውኃው ላይ ስታርፍ አንዱ ጋ ዓይን የሚያጥበረብር ብርሃን፣ አጠገቡ ድቅድቅ ጥላ ይሆናል። ካሜራ ሁለቱን እኩል አይችልም። ለጥላው ስታስተካክለው ብርሃኑ ይቃጠልና ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ ለብርሃኑ ስታስተካክለው ዛፉ ከሰል ይሆናል። እኔ ከሰሉን መረጥኩ። ጥቁር ግንድ፣ በመሐሉ ቀጭን ብርሃን፣ ሰው የሌለበት። ያኔ ሆዴ የሚወደው እንደዚያ ያለውን ነበር።

ያስቸገሩኝ የደኑ ጠባቂ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ውኃው ዳር ካለችው ሾላ ሥር ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ። ያ ነጭ ከጥቁሩ መሐል ገብቶ የለፋሁበትን ሁሉ ያበላሽብኛል። ስለዚህ እንደ ደረስኩ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ፣ «አባባ፣ ወደ ግራ አሥር እርምጃ ያህል ሄደው ይቁሙልኝ» እላለሁ። እሳቸውም ይሄዳሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ካሜራዬን ቦርሳው ውስጥ እስክከት ድረስ ንቅንቅ ሳይሉ ይቆማሉ። ለምን አረፍ እንደማይሉ አልገባኝም፤ አልጠየቅኋቸውምም። ስጨርስ ጠጋ ብለው ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ፣ ቁርስ በልቼ እንደ መጣሁ ይጠይቁኛል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ካሜራውን በአገጫቸው እያመለከቱ «ሲደርስ ታሳየኛለህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። በሆዴ ግን ሲጠብቁት የሚውሉትን ዛፍ በፎቶ ማየት ምን ያደርግላቸዋል እያልኩ ነበር።

ባለፈው መስከረም ሦስት እሑድ በተከታታይ አጣኋቸው። ሾላዋ ሥር ማንም የለም፤ እንደ ልቤ አነሳሁ፣ አንዱም ደስ አላለኝም። በአራተኛው እሑድ ጥቁር የለበሱ ሴት በእሳቸው ቦታ ተቀምጠው አገኘሁ። ሚስታቸው ነበሩ። የወባ ንዳድ ባለቤታቸውን በአምስት ቀን ውስጥ እንደ ወሰደባቸው ነገሩኝ። የመጡት ለአርባቸው የሚሆን ፎቶ ፈልገው ነበር። ያላቸው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ጎርፍ ቤት የገባ ጊዜ ረጥቦ ፊቱ ጠፍቷል።

«አንተ ግን በየእሑዱ ታነሳው የለ» አሉኝ። «ያ ልጅ ቆመህ ጠብቅ ይላል እንጂ ጥሩ አድርጎ ያነሳኛል ይለኝ ነበር። ከብዙው አንዷን ስጠኝ።»

እውነቱን አልነገርኳቸውም። ፈልጌ አመጣለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ። የሁለት ክረምት ፎቶ አንድ በአንድ አየሁ። ዛፍ፣ ውኃ፣ ዛፍ፣ ውኃ። ሲመሽ እኔው ራሴ ያስወጣኋቸውን ሰው እየፈለግሁ አለቀስኩ። መጨረሻ ላይ አጎንብሼ ውኃውን ብቻ ያነሳሁባት አንዲት ፎቶ ተገኘች፤ በግራ ጠርዟ በኩል የሽማግሌው ምስል ውኃው ላይ ተዘቅዝቆ ወድቋል። ያን ጊዜ አይቼው ተበላሸ ብዬ የተውኳት ነበረች። ገልብጬ አቆምኳት። ዱላው አለ፣ አቋቋሙ አለ። ፊታቸው ጠቁሮ አይለይም፤ ጋቢው ተቃጥሎ ነጭ ብቻ ሆኗል።

ከተማው ያለው ፎቶ ቤት አሳጠብኳትና በሚቀጥለው እሑድ ወሰድኩላቸው። ሴትዮዋ ፎቶዋን ወደ ብርሃኑ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩ። አቋቋሙ የእሱ ነው አሉ። ጣታቸውን ፊቱ ላይ አደረጉና ሌሎቹስ ብለው ጠየቁኝ።

«ሌላ የለም፣ እማማ» አልኳቸው። «ሄደው ይቁሙልኝ የምላቸው ከፎቶው እንዲወጡልኝ ነበር። ጋቢያቸው በጣም እየነጣ ያበላሽብኝ ነበር።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ።

«ጋቢዬን ዓርብ ዓርብ አጥቢልኝ ይለኝ ነበር» አሉ። «ለእሑድ ፎቶ ነጥቶ ይታይ ብሎ።»

ፎቶዋን ከእጃቸው ተቀብዬ እንደገና አየኋት። ጋቢው በጣም ንጹሕ ነበር።