መርዶው እስኪነገር

አባቴ መካነ ሰላም በነበረው ቤታችን ውስጥ ውሸት አያስገቡም ነበር። እናቴ ልታገኘው የማትፈልገው ሰው በር ሲያንኳኳ እንኳ «የለችም» ማለት አይቻልም። «አለች፣ ግን አሁን አትመጣም በሉ» ይሉናል። እንግዳው ይቀየማል፣ እናቴ ትሸማቀቃለች፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ የለም። ወንድሞቼ ሲያድጉ ይህን ነገር ተዉት። እኔ እልኸኛ ነኝና ያዝሁት። ሰፈሩም አውቆልኝ፣ ሰው ሲከራከር «እሷን ጠይቋት» ይባል ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ጎረቤቴ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ሳውዲ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ባለፈው ክረምት፣ አብራት ሳውዲ የሄደች ጓደኛዋ አጅባር ለሚኖሩት የእናትየዋ ወንድም ደውላ መሞቷን ነገረች፤ እሳቸውም ለሰፈራችን ሽማግሌዎች አሳወቁ። በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው በር የሚንኳኳው። ስለዚህ ወንድማቸው እስኪደርሱ ይጠበቅ ተባለ፤ መንገዱ ደግሞ በዝናብ ተበላሽቷል። ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ እናትየዋ ብቻ ሳያውቁ ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ በራፌ ላይ መጡ። ልጃቸው ስልክ አላነሳ ብላቸው ያገኙትን ሁሉ ሲጠይቁ ነው የዋሉት።

«ሁሉም ‹ደህና ናት፣ ኔትወርክ ነው› ይለኛል» አሉኝ። «አንቺ አትዋሽኝም። ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» ብል ይበቃ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። መርዶውን መናገር ደግሞ የእኔ ድርሻ አልነበረም፤ ወገን በሌለበት፣ በራፍ ላይ ቆመው ሊሰሙት አይገባም። ዝም አልሁ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ነው። መልስ መሆኑን አላሰብሁም።

ፊቴን አዩት።

«ይሁን የኔ ልጅ» አሉ። «ማወቄን ለማንም እንዳትነግሪ። ወንድሜ ይድረስ።»

ተመልሰው ግቢያቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ለቀስተኛው የሚቀመጥበትን ቦታ ከጭቃ እያጸዱ ነበር። ላግዛቸው ብጠጋ በእጃቸው መለሱኝ። ወንድማቸው ሲመሽ ደረሱ፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በር አንኳኩ። እሳቸውም ገና እንደሰማ ሰው ጮኹ። ሽማግሌዎቹ «ደግ ነው፣ በወጉ ተነገራቸው» ሲባባሉ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። በንዴት ተቃጠልሁ፤ በእነሱም፣ በራሴም፣ በአባቴም።

ዘንድሮ ታናሿ ሄደች። እህቷ በሞተችበት አገር፣ እህቷ ትሠራው የነበረውን ሥራ ልትሠራ። ቅሪ ብሎ የያዛት የለም፤ ቤቱ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

አሁን እናትየዋ በየጠዋቱ በራፌ ላይ ይመጣሉ። ዐይናቸውን ፊቴ ላይ ተክለው «ትንሿስ ደህና ናት?» ይሉኛል። እኔ በምን አውቃለሁ? በአባቴ ቤት ቢሆን መልሱ «አላውቅም» ነበር። አንድ ቀን እንደዚያ ልል አፌን ስከፍት ዘገየሁ መሰለኝ፣ ግድግዳውን ያዙ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ሳይጨርሱ «ደህና ናት» እላቸዋለሁ።

«አልሀምዱሊላህ፣ አንቺ አትዋሽም» ይላሉ። ከዚያም ተመልሰው ግቢያቸውን ይጠርጋሉ።