«ቁጭ ብያለሁ»

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ጥናት የተነሳው ከአንድ አባባል ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ቆመው የሚውሉ ሴቶች ሥራቸውን ሲጠየቁ ለምን «ምንም፤ ቤት ቁጭ ብያለሁ» ይላሉ? እናቷም እንዲሁ ትል ነበር፣ ያውም ልብስ እያጠበች። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! መልሱን ፍለጋ ከቋንቋ ወደ ሕግ፣ ከሕግ ወደ ኢኮኖሚክስ ተሻግራለች። ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ስለምታዳምጥ ጓደኞቿ «ዘበኛዋ» ይሏታል።

ዛሬ ከየትምህርት ክፍሉ ለመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ክርኑ የሳሳ ሹራቧን እጅጌ እየጎተተች ጥናቷን አቀረበች።

«እኅቴ፣ ይሄማ አነጋገር ነው» አለ የኢኮኖሚክሱ ተማሪ። «ይኸው እኔም ቁጭ ብያለሁ!»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

ሳቁ ሳይበርድ ስልኳ ጠራ። እናቷ ታማለችና ይቅርታ ጠይቃ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ታላቅ ወንድሟ ነው።

«እማዬ ከአልጋ መነሳት አቃታት። እኛ ሥራ አለን፤ አንቺ መቼም ቁጭ ብለሽ ነው። ትምህርቱን ተይውና መጥተሽ አስታምሚያት።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

ወንድሟ ስልኩን ዘጋው። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ ከ«እኔ እኮ» ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አሁንም እየፈለገች ነው።