ማርያም ዘግይታ አትስምም

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሰበታ ባለው ፋብሪካ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ስለምትውል፣ ፉሪ በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እሑድ እሑድ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ትነክር ነበር። ፎጣ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። በቀኝ ውስጥ እግሯ፣ ተረከዟ አጠገብ፣ ጥቁሩን ነጥብ ያየሁት አንድ እሑድ ነው። ተልባ ያክል ነበር።

«እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ማርያም ስማኝ ነዋ!»

«እግርሽን? ሌላ የምትስመው አጥታ?»

«አንተን ያሳደገ እግር አይደል እንዴ? መሳም ይነሰው?» ብላ ውሃ ረጨችብኝ።

ሳቅን። ከሰው ጋር አብሮ ለሚወለድ ምልክት የሚባለውን፣ ትናንት ለወጣው ሰጠነው። ስም ካገኘ ወዲያ ምንነቱን የጠየቀ የለም። እኔ ግን ካልለካሁ አይሆንልኝም፤ ስስ ወረቀት ደርቤ ጠርዙን በእርሳስ ተከተልኩት። ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ወረቀት ደረብኩ። ምልክቱ በአንድ በኩል ሰፍቷል፤ ጠርዙ ወጣ ገባ ሆኗል፤ ቀለሙም ግማሹ ቡና፣ ግማሹ ከሰል።

«ሐኪም ይየው» አልኳት።

«አያመኝም እኮ!»

አያመኝም ስላለችኝ አልገፋሁበትም። መለካቱን ብቻ ቀጠልኩ።

ካልሲዋ ላይ ደም ሲታይ ነው በሚኒባስ አዲስ አበባ የሄድነው። ሐኪሟ እግሯን በማጉያ መስታወት አየችና «ሲወለዱ ነበረ?» አለቻት።

«ኧረ አምና ነው የወጣው። ማርያም ስማኝ ነው ብዬ…»

«ማርያም ዘግይታ አትስምም፣ እትዬ።»

ወረቀቶቼን አሳየኋት። አንድ በአንድ አገላብጣ ሁለተኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይሄን ያየህ ቀን ነበር ማምጣት። በትልቅ ሰው ላይ አዲስ ምልክት ወጥቶ ካደገ፣ ቅርፁ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከደማ፣ ሕመም አይጠበቅም። ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ከሆነማ ይብሳል።»

ቆርጠው አወጡት፤ የቆዳ ካንሰሩ ግን ወደ ብሽሽቷ ተሻግሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ክረምት አጣኋት።

ዛሬ ጎረቤት ምልክት ሲያሳየኝ «መቼ ወጣ?» እላለሁ። «ቅርብ ጊዜ» ካለኝ ክንዱን ይዤ ታክሲ አሳፍረዋለሁ፤ ቢቆጣም አልለቀውም። ያኔ እሷንም እንዲህ ጎትቼ ብወስዳት ኖሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ታኮርፈኝ ነበር። ያላኮረፈችኝ ያ ኩርፊያ ይናፍቀኛል።